የአንጋፋዎች ቼዝ ጉዞ፦ ለግል፣ ለቡድን ወይስ ለናይሮቢ?

አዳማ ላይ ፀሐይዋ በረድ ስትል ዛፍ ሥር ሰሌዳ የምንዘረጋ ጡረተኞች አለን። ጥር ላይ «በመጪው ክረምት ወጣ ብለን እንወዳደር» እንባባላለን፤ ሰኔ ሲገባ ደግሞ «ጊዜው አለፈብን» እንላለን። ዘንድሮ ሦስቱን አማራጮች፣ ማለትም የዓለም የአንጋፋዎች ሻምፒዮናን የግልና የቡድን ውድድር እንዲሁም የናይሮቢን ውድድሮች፣ ወረቀት ላይ አስፍሬ ገንዘባችን የት ቢውል እንደሚሻል አነጻጽሬአለሁ።

አስቀድሞ የዕድሜ ነገር። የዓለም የአንጋፋዎች ሻምፒዮና ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት ምድብ አለው፦ ከ50 ዓመት በላይ እና ከ65 በላይ። ከዚያ በፊት ወንዶች 60 መሙላት ነበረባቸው። ዕድሜው የሚቆጠረው እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ስለሆነ 65ኛ ልደቱ ኅዳር ላይ የሚውል ሰው ሐምሌ ላይ በ65ቱ ምድብ መግባት ይችላል። ይግባም። 50 የሞላቸው ግራንድማስተሮች (ከፍተኛውን የቼዝ ማዕረግ የያዙት) ገና ጉልበታቸው አልደከመም፤ በኩራት እነርሱ መሐል መግባት የቲኬት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

የግሉ ውድድር 11 ዙር ነው፤ በቀን አንድ ጨዋታ። ለመጀመሪያዎቹ 40 እንቅስቃሴዎች 90 ደቂቃ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ፣ በየእንቅስቃሴው ደግሞ 30 ሰከንድ ይጨመራል። አንድ ጨዋታ አምስት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። የዕረፍት ቀኑ ሲታከልበት ሁለት ሳምንት ገደማ የሆቴል ወጪ አለ። ስሚስሎቭ በ1991 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው በ70 ዓመቱ መሆኑ ያበረታታል፤ እርሱ ግን የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ነው፣ እኛ ደግሞ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ የለመድን ሰዎች ነን።

የቡድኑ ውድድር 9 ዙር ነው። በአራት ሰሌዳ ይጫወታሉ፤ አምስተኛው ተጠባባቂ ነው። የደከመው ሲያርፍ ሌላው ይገባል፣ ክፍሉንም ሁለት ሁለት ሆኖ መካፈል ይቻላል። አንድ አገር ከአንድ በላይ ቡድን መላክ ይችላል። አስቸጋሪው አምስት ጡረተኛ በአንድ ቀንና በአንድ በጀት ማስማማት ነው። ቀኑም በየዓመቱ ይለዋወጣል፦ በ2024 እ.ኤ.አ. የቡድኑ በፖላንዷ ክራኮው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ ነበር፣ የግሉ ግን በፖርቱጋሏ ፖርቶ ሳንቶ ደሴት ኅዳር ላይ ተካሄደ።

ሁለቱም አውሮፓ ላይ ሲካሄዱ ዋናው ጣጣ ቪዛ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ማመልከቻ መደበኛ የምላሽ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አይሰጥም። ስለዚህ በአንድ ክረምት ሁለት የአውሮፓ ውድድር ያቀደ ሰው ወይ መሐሉን እዚያው ይቆያል፣ ወይ እንደገና ያመለክታል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከልም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን ያስፈልጋል፤ ዋጋው ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይወጣል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ይቀበላሉ። በአባቶቻችን ሰንጠረዥ፣ በአገርኛው ቼዝ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ይንቀሳቀሳሉ፤ ወረራ ይባላል። ኤምባሲ በር ላይ ግን ወረራ አይሠራም።

ናይሮቢ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም፤ ከቦሌ በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። እኛ ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ ስለምንወጣ አዲስ አበባ ማደር የግድ አይደለም፤ የሐዋሳ ሰዎች ግን የአንድ ሌሊት አልጋ ይጨምሩ። እንከኑ እዚያ ያሉት ኦፕን (ለማንም ክፍት የሆኑ) ውድድሮች ዕድሜ አለመለየታቸው ነው፤ የ12 ዓመት ልጅ ለስላሳ እየጠጣ ሊያሸንፋችሁ ይችላል። በሌላ በኩል በብዙ ኦፕኖች አስቀድሞ ለጠየቀ ሰው ግማሽ ነጥብ ይዞ አንድ ዙር ማረፍ ይፈቀዳል፤ ለጉልበታችን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከአገር ወጥቶ ተወዳድሮ ለማያውቅ ሰው ናይሮቢን እመርጣለሁ። አምስት ሰው ካገኛችሁ ቡድኑ ከግሉ ይሻላል፦ ከአንድ ሽንፈት በኋላ ሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻውን ጨዋታውን በልቡ የሚደግም ሰው እንቅልፍ አያገኝም፣ በማግስቱም ይሸነፋል። ግሉን የምመክረው ሬቲንግ (የተጫዋች ደረጃ ነጥብ) ላለውና ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ረጅም ጨዋታ ለሚችል ነው። በየትኛውም ቢሆን የፊዴ (የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን) መለያ ቁጥር በኢትዮጵያ ቼዝ ፌዴሬሽን በኩል አስቀድማችሁ አውጡ። እኛ አራት ሆነናል፤ አምስተኛው ሚስቱን እስኪያስፈቅድ እየጠበቅን ነው።