ሽበቴን በሂና፦ ከሄርማታ መርካቶ የገዛሁት ዱቄት

ጅማ ሄርማታ መርካቶ፣ ቅመም ተራ ከሚቀመጡ አንዲት እናት ሩብ ኪሎ ሂና ገዛሁ። አረንጓዴ ነው፣ የደረቀ ሣር ይሸታል። ትንሽ አሸዋ ስላለበት በሻሽ ነፋሁት። ለብ ባለ ውሃና በሎሚ ለውሼ አሳደርኩት፤ ጠዋት ተቀብቼ 3 ሰዓት ያህል ቆየሁ። ጥቁሩ ፀጉሬ ብዙም አልተለወጠም፤ ጆሮ ግንዴ ጋ ያለው ሽበት ግን ብርቱካን መሰለ! ደንግጬ ነበር፣ በማግስቱ ጠቆር ብሎ አማረልኝ። ጎረቤቴ እትዬ «ቡና ጨምሪበት» ብለውኝ ሞክሬያለሁ፤ የቡናው ቀለም በመጀመሪያው እጥበት ሄደ። ጥቁር የሚፈልግ ከሂናው በኋላ ኢንዲጎ (ሰማያዊ ቀለም የሚሰጥ የቅጠል ዱቄት) ይድገምበት። «ጥቁር ሂና» የሚሉትን ግን እባካችሁ ተጠንቀቁ፤ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ሊኖርበት ይችላል። እኔን አምና ግንባሬን አሳብጦኛል። ይሄኛው 5ኛ ሳምንቱ ነው፤ ሥሩ ነጭ ብቅ ብሏል፣ የተቀባው ግን አለቀቀም።