የአራት ኪሎው የሥዕል ክፍል፦ የአእምሮ ሰላም የለም፣ መስመር ግን ሞልቷል

አራት ኪሎ አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት አብስትራክት ሥዕል፣ ማለትም የሰው ወይም የዕቃ መልክ ሳይሆን መስመር፣ ቅርጽና ቀለም ብቻ የሆነ ሥዕል፣ የሚያስተምሩ አንድ አንጋፋ ሠዓሊ አሉ። ማስታወቂያቸው «ውስጣዊ ሰላምዎን በሥዕል ያግኙ» ይላል። እሱን እርሱት። የጻፈው የእህታቸው ልጅ ነው፣ ጋሼ ራሳቸው ሰው ሲያነበው ይስቃሉ። ሰላም ፍለጋ የሄደ ሰው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይበሳጫል። እኔ ግን ወድጄዋለሁ፣ አሁንም እየሄድኩ ነው።

ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ግድግዳው ነጭ፣ ወንበሩ ጠንካራ፣ መስኮቱ ወደ መንገድ። ለአንድ ቅዳሜ 800 ብር ትከፍላላችሁ፣ ዕቃው ከነሱ ነው፣ መሃል ላይ ቡና ይፈላል። ለቡናው ብቻ የሚመጣ ሰው ያለ ይመስለኛል።

የመጀመሪያ ቀን ቀለም የሚባል ነገር አታዩም። በእንጨት ፍሬም የተወጠረ አቡጀዲ ይሰጧችኋል፣ ነጭ መሠረት ቀለም ሁለቴ የተቀባና በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ። ከዚያ እርሳስና ማስመሪያ። ከላይ እስከ ታች አግድም መስመር፣ እኩል እየተራራቀ፣ ሸራው እስኪሞላ። ላጲስ የለም። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

ቀላል መስሏችሁ እንደሆነ ሞክሩት። ቀለሙ ምንም ያህል ቢፈተግ የጨርቁ ድርና ማግ ከስሩ አለ፣ የእርሳሱ ጫፍ እየነካው ያልፋል። መስመሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይሳሳል፣ አንዳንድ ቦታ ይቋረጣል። ጫን ስትሉ ይቦረቡራል፣ ስታላሉ ይጠፋል። ማስመሪያው ጠርዝ ላይ የእርሳስ ብናኝ ይጠራቀምና ቀጣዩን መስመር ያጠቁራል፣ ስለዚህ በየመሃሉ መጥረግ አለባችሁ። ትንሽ እንደሄዳችሁ እጃችሁ ይለምደዋል፣ ሐሳባችሁም ይሄዳል። እጅ ደግሞ ሐሳብ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ጋሼ ከኋላዬ መጥተው ወደ ታች ዘመም ያለች አንዲት መስመር በጣታቸው አሳዩኝና «አንቺ ልጅ፣ እዚህች ጋ የት ሄደሽ ነበር?» አሉኝ። የቤት ኪራይ እያሰብኩ ነበር። ሳቅኩ፣ እሳቸው አልሳቁም። «ቀጥዪ» ብለውኝ አለፉ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከአግነስ ማርቲን ነው። ጋሼ ስሟን ሳያነሱ የሚውሉበት ቅዳሜ የለም። ሴትዮዋ ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1912 ተወልዳ አሜሪካ የኖረች ሠዓሊ ናት። ኒውዮርክ ውስጥ ስሟ በደንብ መነሳት ሲጀምር፣ በ1967፣ የሥዕል ዕቃዋን ለሰው አድላ ከተማውን ጥላ ወጣች። በፒክአፕ መኪና ስትዞር ከርማ በረሃማው የአሜሪካ ግዛት ኒው ሜክሲኮ ገጠር ገባች፣ በገዛ እጇ የጭቃ ጡብ ቤት ሠራች፣ ለዓመታትም ሥዕል ሳትሠራ ቆየች። ወደ ሥዕሉ ከተመለሰች በኋላ እስክትሞት ድረስ፣ ማለትም እስከ 2004፣ ባለ አራት ማዕዘን ሸራ ላይ የእርሳስ መስመርና ፈዛዛ ቀለም ነበር ሥራዋ። ሸራዎቿ በአብዛኛው 183 በ183 ሳንቲ ሜትር ነበሩ፣ ስታረጅ ማንቀሳቀስ ሲከብዳት ወደ 152 አወረደቻቸው። ቁጭ ብላ ሥዕሉ በሐሳቧ እስኪመጣላት ትጠብቃለች፣ የሚመጣላትም ቴምብር የምታክል ትንሽ ምስል ነች። ከዚያ ወረቀት ላይ እያባዛችና እያካፈለች ልኩን ታወጣለታለች። ያልሆነላትን ሸራ ደግሞ ትቀደዋለች።

ጋሼ ሳያድበሰብሱ የሚናገሩት ሌላም ነገር አለ። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ነበረባት፣ ድምፅ ይሰማት ነበር፣ ሆስፒታልም ገብታለች። ያንን ሁሉ ጸጥታ የሣለችው ጸጥ ያለ ጭንቅላት ያላት ሴት አይደለችም። ይህን ከሰማሁ በኋላ ማስታወቂያው ይበልጥ አስቆኛል።

የማልስማማበትም አለ። ሴትዮዋ ለዓለም ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምስለው ትል ነበር፣ ጋሼም ይህን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። እሺ፣ በረሃ ውስጥ ይቻላል። እኛ ግን የታክሲ ጥሩምባ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እየመጣ፣ ስልኩ እየጮኸ፣ የእድሩ መልእክት እየገባ ለማን ነው ጀርባ የምንሰጠው? ይህንኑ ብያቸው ትንሽ ተከራከርን። ሠዓሊውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ያነሱት ያን ጊዜ ነው፣ እና እውነቱን ለመናገር ከአግነስ ማርቲን ወሬ ሁሉ እሱ በለጠብኝ።

ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ፣ የብራና መጻሕፍት ላይ ሥዕል ይሠሩ ከነበሩ አባት እጅ ያደገ ነው። ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ላይ አብስትራክት አሳየ። ይህ የፈረንጅ ነው፣ የኛ አይደለም ያሉት ነበሩ። እሱ ግን የቆርቆሮ ቤቶችንም ሣለ፣ ቅርጽና ቀለም ብቻ የሆኑ ሥራዎችንም ሠራ፣ ግጥምም ጻፈ፣ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ ሞተ። ጀርባውን ለማንም አልሰጠም፣ ሸራው ላይ ግን ትርፍ ነገር ስትፈልጉ አታገኙም። ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመው ማዕከል ቅርብ ነው፣ ከትምህርቱ በኋላ በእግራችሁ ሂዱ። ቆርቆሮ በቀለም ብቻ ቆርቆሮ ሲሆን በዓይናችሁ እዩ፣ መስመር ስታሰምሩ ከዋላችሁ በኋላ ዓይናችሁ ሌላ ነው የሚሆነው።

ጉድለቶቹን ልንገራችሁ። ጋሼ ወሬ ከጀመሩ ሰዓት አያውቁም፣ አንዳንድ ቅዳሜ ከሥራው ወሬው ይበዛል። ቀለም የሚደርሳችሁ ዘግይቶ ነው፣ ሲደርሳችሁም አንድ ቀለም ብቻ ነው፣ እሱም በውሃ ቀጥኖ እንደ አብሽ ውሃ ሆኖ። አንዲት እናት የመጡ ቀን ሁለት ሰዓት ካሰመሩ በኋላ «ይሄን ለማድረግ ነው ብር የከፈልኩት? ይሄንንማ የልጅ ልጄም ይሠራዋል» ብለው ተነሡ። ጋሼ አልተከራከሯቸውም። «ልክ ነዎት እማማ፣ ልጁን ይዘውት ይምጡ» ብለው ግማሽ ብራቸውን መለሱላቸው። ልጁም አልመጣም፣ እሳቸውም አልመጡም። ቅር አይለኝም፣ ገንዘባቸው ነው።

የቁም ሥዕል ወይም የመልክዓ ምድር ሥዕል መማር የምትፈልጉ ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ እዚህ አይሰጥም። ለግድግዳ የሚሆን ነገር ይዤ ልውጣ የምትሉም እንዲሁ። ትዕግሥት ያላችሁ ወይም ትዕግሥት ያጣችሁ ግን ሞክሩት።

ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ መብራት ቢጠፋም አትቸገሩም። ለወንበሩ የሚሆን ትራስ ቢጤ ያዙ። መኪና ይዛችሁ አትሂዱ፣ ማቆሚያ የለም።