የፋብሪካ ፊርማ ወይስ ራስዎ ያስፈረሙት? ለስፖርት ካርድ ገዢዎች

ልጆቻቸው የቤዝቦልና የቅርጫት ኳስ ካርድ መሰብሰብ የጀመሩባቸው የቨርጂኒያ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ፣ ፊርማ ያለበት ካርድ መግዛት ያዋጣ እንደሆነ ነው። መንገዱ ሁለት ነው፤ አንደኛው ካርድ አምራቹ ተጫዋቹን አስፈርሞ ውስጡ ሳይታይ ታሽጎ በሚሸጥ ፓኬት ውስጥ የሚከተው ሲሆን ሁለተኛው ገዢው ራሱ ተጫዋቹ ፊት ቆሞ የሚያስፈርመው ነው። ማንነቱ የማይታወቅ ሰው «ዓይኔ እያየ ተፈርሟል» ብሎ የሚሸጠውን ግን ከምርጫው አላስገባውም፤ እኔ የተቃጠልኩት በእርሱ ነውና።

ከሦስት ዓመት በፊት የአንድ ታዋቂ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ፊርማ አለበት የተባለ ካርድ በ140 ዶላር ገዛሁ። ሻጩ የሚያብረቀርቅ ሆሎግራም የተለጠፈበት የራሱን ሰርተፊኬት አያይዞልኛል፤ ለማጓጓዣ 12 ዶላር ጨመርኩ። ፊርማ ለሚመረምር ድርጅት ስልከው ደግሞ ለምርመራው 30፣ ለደርሶ መልስ ፖስታ 24 ዶላር ወጣብኝ፤ ካርዱም እውነተኛነቱን ማረጋገጥ አልተቻለም ከሚል ደብዳቤ ጋር ተመለሰ። በድምሩ 206 ዶላር መሆኑ ነው። በማጉያ መነጽር ሳየው መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት አለው፤ በጥንቃቄ የተሳለ እንጂ ሺህ ጊዜ የፈረመ እጅ በችኮላ የጫረው አይመስልም። የሻጭ ሰርተፊኬት ያንኑ የሻጩን ቃል በወረቀት ከመድገም በቀር የሚጨምረው የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተጀመረው፣ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» በተባለው የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊስ (ኤፍ ቢ አይ) ዘመቻ የተያዙት አስመሳዮችም ሐሰተኛውን ፊርማ ከሐሰተኛ ሰርተፊኬት ጋር ነበር የሚሸጡት።

መልሶ መሸጥን የሚያስብ ገዢ ያለ ጥርጥር የፋብሪካውን ይምረጥ። ካርድ አምራቹ አፐር ዴክ እ.ኤ.አ. በ1990 የቤዝቦል ተጫዋቹ ሬጂ ጃክሰን የፈረመባቸውን 2,500 ባለ ቁጥር ካርዶች በፓኬቶቹ ውስጥ ከበተነ ወዲህ ብዙ ሰው ፓኬት የሚቀደው ፊርማ ፍለጋ ነው። ቦውማን የተባለው የካርድ ስያሜ በ2009 ያወጣው የቤዝቦል ተጫዋቹ የማይክ ትራውት ባለ ፊርማ ካርድ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ3.9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቢሸጥም፣ ካርዱ አንድ ለእናቱ መሆኑን መርሳት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2022 12.6 ሚሊዮን ዶላር ያወጣው የ1952ቱ የቤዝቦል ተጫዋች የሚኪ ማንትል ካርድ ደግሞ ጭራሽ ፊርማ የለበትም። የእኛ ዕጣ ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው፤ በ85 ዶላር ከገዛሁት የካርድ ፓኬቶች ሳጥን የወጣልኝ፣ የተፈረመው ካርድ ወደፊት በፖስታ እንደሚላክልኝ ቃል የሚገባ ወረቀት ነበር። አሥራ አራት ወር ጠብቄ የደረሰኝ የአንድ ተጠባባቂ ተጫዋች ካርድ ሲሆን በ6 ዶላር ሸጥኩት። ያውም ፊርማው ተለጣፊ ነበር፤ ተጫዋቹ ወረቀት ሙሉ ግልጽ ተለጣፊ ፈርሞ ይልካል፣ ፋብሪካው ካርዱ ላይ ይለጥፈዋል፣ ስለዚህ ካርዱን በእጁ ነክቶት አያውቅም። የፋብሪካ ፊርማ የሚገዛ ሰው ቢያንስ በቀጥታ ካርዱ ላይ የተፈረመውን ይፈልግ፤ ሲሸጥም የተሻለ ያወጣል።

እኔ የምመርጠው ግን ሁለተኛውን፣ ራሴ ማስፈረሙን ነው። ባለፈው ሰኔ ከልጄ ጋር ወደ አንድ ትንሽ የቤዝቦል ስታዲየም ሄድን፤ ትኬት ለሁለት ሰው 32 ዶላር፣ መኪና ማቆሚያ 10፣ ካርዱ 1፣ ሰማያዊ ማርከር 2፣ ድምር 45 ዶላር ነው (ጨዋታውም ታይቶበታል)። ተጫዋቹ አጥሩ ላይ ተደግፎ ስሙን ሲጠይቀው ልጄ «ብሩክ» አለ፤ እርሱም እንደሰማው በእንግሊዝኛ ጻፈው፣ መጨረሻው ላይ አንድ ትርፍ ፊደል ጨምሮ። የካርድ ሱቅ ባለቤቱ 1 ዶላር አቀረበልን፣ ስም ባይጻፍበት ኖሮ 6 ዶላር ይሰጥበት እንደነበርም ነገረን። አልሸጥነውም።

ለማስፈረም ውድ ካርድ ይዞ መሄድ አያስፈልግም፤ ማርከሩ ቢያንሸራትት የሚከስሩት ካርዱንም ጭምር ነውና። የሚያብለጨልጭ ካርድ ላይ ቀለሙ ነጠብጣብ እየሠራ ስለሚሸሽ አስቀድሞ ትንሽ የሕፃናት ፓውደር ቀብቶ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይጠቅማል። ስታዲየም መሄድ የማይመቸው ሰው ካርዱን ከደብዳቤና አድራሻው ከተጻፈበት መመለሻ ፖስታ ጋር ለክለቡ ሊልክ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በወጣው ዋጋ ቴምብሩ 78 ሳንቲም ስለነበረ ለደርሶ መልስ 1.56 ዶላር ይበቃ ነበር። ከላክኋቸው አምስት ካርዶች ሁለቱ ተፈርመው ተመልሰውልኛል፤ ሲፈርም ስላላየሁት ግን የተጫዋቹ እጅ ነው ብዬ ለማንም አልሸጣቸውም።