ለወንድሜ ጆሮ የቦርድ ማስረጃ ያሠራንበት ክሊኒክ፣ ባሕር ዳር

ታላቅ ወንድሜ ወታደር ነበር። መድፍ በግራው በኩል ፈንድቶ ጆሮው ደማ፣ ከዚያ ወዲህ ቀን ከሌት ይጮህበታል። ጣና ዳር ወክ ስናደርግ ሁሌ በቀኙ ነው የሚያደርገኝ። እኔ ምክንያቱን የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የጉዳቱን መጠን ለሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ፈልገን መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ታምቡሩን አይተው «ደህና ነው» አሉ፤ ከኋላው ቆመው በሹክሹክታ ጠሩትና «የመስማት ችግር አለበት» የሚል አንድ መስመር ጽፈው ማህተም መቱበት። ቦርዱ መለሰው። የትኛው ጆሮ? ምን ያህል? በምን ተለካ? አንዱም የለማ!

ሁለተኛው ትንሽ የጆሮ ክሊኒክ ነው፤ ይሄን የምጽፈውም ስለ እሱ ነው። ሐኪሟ መሣሪያ ሳትነካ ብዙ ጠየቀችው። ፍንዳታው ምን ያህል ይርቅ ነበር፣ ሜዳ ላይ ነው ምሽግ ውስጥ፣ በፊት ጆሮውን ታሞ ያውቃል ወይ፣ የቲቢ መርፌ ተወግቷል ወይ (አንዳንዱ መርፌ ራሱ ጆሮ ይጎዳል)። ታምቡሩ ተቀዶ እንደነበር ከጠባሳው ለየችው። ታምቡር ብዙ ጊዜ ራሱ ይድናል፤ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሴሎች ግን ከሞቱ አይተኩም።

ከዚያ ድምፅ የማይገባበት ክፍል። በመስታወት አየዋለሁ። ድምፅ ሲሰማ የሚጫናትን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ይዟል። በቀኝ ጆሮው ቶሎ ቶሎ ይጫን ነበር፣ ግራው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ። አለቀስኩ። በግራው ቀጭኑን ድምፅ (4000 ሄርዝ) የሰማው እስከ 65 ዴሲቤል ሲጎላለት ነው፤ ጤነኛ ጆሮ ከ20 በታች ይሰማዋል።

እንደገና ሌላ ምርመራ ስትጀምር ወንድሜ ቅር አለው። «ዋሽቷል ብለው ነው?» አላት። «አይደለም ጋሼ፣ ቦርዱ ፊት እኔ አልኖርም፤ የሚከራከርልዎት ወረቀቱ ነው» አለችው። አንድ ዓይነት ድምፅ ነው በሁለቱም ጆሮ በአንድ ጊዜ የሚለቀቀው፣ በደህናው ዝቅ ብሎ፣ በተጎዳው ከፍ ብሎ። ሰው የሚሰማው የጎላበትን ብቻ ስለሆነ፣ የሚያስመስል ሰው ድምፁ አልሰማበትም ባለው ጆሮ ብቻ ይሰማውና ዝም ይላል። በእውነት የማይሰማ ግን በደህናው ሰምቶ ይጫናል። ወንድሜ ተጫነ።

ወረፋው ያሰለቻል፣ ወረቀቱም ሳምንት ፈጀ። ውጭ ባጃጅ ጡሩምባ ሲነፋ ግን አቁማ ትደግመዋለች። ሌላ ቀን ጠዋት ጠርታም ለካችው፤ ተመሳሳይ ወጣ። የምትሄዱ ሰዎች መጀመሪያ የታከማችሁበትን ካርድ ያዙ።

የጆሮ ጩኸቱን የሚያሳይ ማሽን የለም። እሷ ግን እንቅልፍ እንደሚነሳው ጭምር ጻፈችው። ወንድሜ ያንን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበው።