ነጭ አሳን በስሙ የምታቀርብ ቤት፣ ባሕር ዳር

ባሕር ዳር ውስጥ አሳ የማይሸጥ ምግብ ቤት ማግኘት ከባድ ነው። የትኛውን አሳ እንደሚያበላችሁ የሚነግራችሁን ማግኘት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ዝርዝሩ ላይ «አሳ ጥብስ»፣ «አሳ ጉላሽ»፣ «አሳ ኮተሌት» ተብሎ ይጻፋል፤ ቆሮሶ ይሁን አምባዛ ወይም ነጭ አሳ፣ ሰሐኑ ከመጣ በኋላም አይታወቅም። ስለዚህች ትንሽ አሳ ቤት ልጽፍ የተነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው። የስም ሰሌዳ የላትም። አሳ አጥማጆች ከሚያራግፉበት ዳርቻ አጠገብ ናት፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች፣ ከኋላ ትልቅ መጥበሻ የተጣደበት ማድ ቤት፣ ይኸው ነው። ገና ሳልቀመጥ አስተናጋጁ ልጅ «ጋሼ፣ ቆሮሶ ይሁን ነጭ አሳ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ነጭ አሳ አዘዝኩ። ቆሮሶ ሥጋው ወፍራም፣ እሾሁም ጥቂት ስለሆነ ብዙ ሰው እሱን ይመርጣል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ግን ቆሮሶን ሐዋሳም ዝዋይም ሄዳችሁ ትበሉታላችሁ። ነጭ አሳ የጣና ነው። አጥማጆቹ በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት ከ15 በላይ ዝርያዎችን ሲሆን አብዛኞቹ ከጣና ውጪ በየትም ዓለም አይገኙም። 40 ሜትር ገደማ የሚሆነው የጢስ አባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣን አሳ ሁሉ ስላገደ፣ እዚህ የቀረው ዘር ለብቻው ተባዝቶ ሐይቁን ተከፋፈለው፤ አንዱ ጥልቁን፣ አንዱ ዳርቻውን፣ አንዱ ድንጋያማውን ያዘ። ግማሽ ያህሎቹ ሌላ አሳ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ መንጋጋቸው ላይ ግን አንድም ጥርስ የለም፣ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ ተመሳሳይ ቤተሰብ ነበረ፤ ከውጪ በገቡ አሳዎችና በማጥመድ ብዛት አብዛኛው ጠፋ። እንዲህ ያለ አሳ «ጥብስ» ተብሎ ብቻ ሲቀርብ ያሳዝነኛል።

የነጭ አሳ ችግሩ እሾሁ ነው። ከዋናው አጥንት ሌላ፣ ሥጋው ውስጥ የተሰገሰገ ቀጭን፣ ጫፉ ሁለት የሆነ እሾህ አለው፤ ላልለመደ ሰው አንድ ጉርሻ ብዙ ሥራ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤት ፈጭቶ ኮተሌት ያደርገዋል፣ አለዚያ ጨርሶ አይገዛውም። እዚህ ባለቤቲቱ ራሳቸው ይተለትሉታል። ሲሠሩ ቆሜ አይቻለሁ፦ ከጀርባው እስከ ሆዱ በጣም እያቀራረቡ፣ ቢላዋው ዋናውን አጥንት እስኪነካ ድረስ ነው የሚከቱት። ቀጫጭኑ እሾህ ብጥስጥስ ይላል፤ በደንብ በጋለው ዘይት ውስጥ ደግሞ ይደርቃል። የሚጨምሩበት ጨው፣ ሎሚና ጥቂት ዱቄት ብቻ ነው። ሲቀርብ ቆዳውና ጠርዙ እንደ ቆሎ ይቆረጠማል፤ ውስጡ ግን እርጥበቱን አልለቀቀም፣ ጣዕሙም ከቆሮሶ ጠንከር ይላል። ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት የተፈጨው ዳጣ ኃይለኛ ነው፤ በእንጀራ ቁራሽ ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ ቅመሱት። ጅራቱ አካባቢ እሾሁ ስለሚበዛ ያን ለልጅ አትስጡ።

ከአሳው ጭንቅላት የሚሠራው ሾርባም መልካም ነው፣ ሎሚ ጨምቁበት። ጉላሹን ግን አልመክርም፤ ቲማቲሙ በዝቶበት አሳው ጠፍቷል።

ከበላሁ በኋላ ባለቤቲቱ ዘይት ሲያጠሉ አገኘኋቸውና «እትዬ፣ ነጭ አሳ ክረምትም አለዎት?» አልኳቸው። «የለም ልጄ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከማንም አልገዛም። ያን ጊዜ የሚመጣው እንቁላል ያዘለ ነው፤ እሱን ጠብሼ ለከርሞ ምን ልሸጥ ነው?» አሉኝ።

ይህን መልስ ከጥብሱ እኩል ወድጄዋለሁ። ክረምት ሲገባ ከነጭ አሳ ዝርያዎች ብዙዎቹ ሐይቁን ትተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በመሳሰሉት ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውሃ እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ሊራባ የተሰለፈውን በሙሉ ያገኛል። በገባሮቹ ላይ አሳውን ለማደንዘዝ የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውሃው ውስጥ የሚበትንም አለ። የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ ወደ ጣና የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባደረጉት የጥመዳ ክትትል ደግሞ የነጭ አሳ መጠን በ75 በመቶ ወርዶ ተገኝቷል። የሞተር ጀልባ ከመግባቱ በፊት ይህን አሳ ለትውልዶች ያጠመዱት፣ በተለይም ነገደ ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች፣ ደንገል ከሚባለው የውሃ ዳር ተክል ባሰሩት ታንኳ ዳር ዳሩን እየቀዘፉ ነበር። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከወራት በላይ አያገለግልም፣ ሩቅም አይወስድም። ለእኔ የዚህ ዳርቻ ቅርስ ገዳማቱ ብቻ አይደሉም፤ ታንኳውም ነጭ አሳውም አብረው ይቆጠራሉ። ቱሪስት ታንኳውን ፎቶ አንስቶ ሲሄድ አሳውን የማትረሳ ማድ ቤት ስላለች ደስ ይለኛል። ሌሎች ትልልቅ ቤቶችም ክረምት ላይ «ነጭ አሳ የለንም» ቢሉ፣ ቆሮሶና አምባዛ አሉ፤ እንግዳ ጾሙን አያድርም።

ለመሄድ ካሰባችሁ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ድረሱ። እኔ በሄድኩበት ዕለት ሰባት ሰዓት ላይ የመጡት ነጭ አሳ አላገኙም። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴ ደግሞ ሁልጊዜ ሰው ይበዛል፤ አሳው ከታዘዘ በኋላ ስለሚተለተል መጠበቅ አለ። መታጠቢያው አንድ ቧንቧ ብቻ ስለሆነ እሱም ወረፋ አለው፤ ዝንቡም ወደ ውሃው በኩል ባሉት ወንበሮች ይብሳል፣ ግድግዳውን ተጠግታችሁ ተቀመጡ።