ውዱ ማይክ ወይስ መሳዩ? ከተማ ዳር ሆነው ለሚቀርጹ

ከመሀል ከተማ ኪራይ ሸሽተው ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ኮዬ ፈጬ አንዲት ክፍል ይዘው መቅረጽ የጀመሩ ልጆችን አውቃለሁ። መዝሙር ይቀርጻሉ፣ መንዙማ ይቀርጻሉ፣ ትረካ ያነባሉ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ይሠራሉ። ላፕቶፕና ሳውንድ ካርድ (ማይክን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሣጥን) ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ያለችኝን ብር አሟጥጬ ስም ያለውን ማይክ ልግዛ ወይስ ቁርጥ እሱን የሚመስለው በአሥረኛው ዋጋ ይበቃኛል? የውጭ ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጥያቄው ከብዷል፤ ዶላሩ ራሱ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል፣ ማይክ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። በውዱና በርካሹ መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከተማ ዳር ባለች ክፍል ውስጥ ከሚሰሙት ልዩነቶች ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚሰማው እሱ ነው። ከእሱ በፊት ክፍሉ ይሰማል፣ የማይኩ ዓይነት ይሰማል፣ ገመዱና ሳውንድ ካርዱ ይሰማሉ። እነዚህን ሳያስተካክሉ ውድ ማይክ መግዛት ገንዘብን የማይሰማ ቦታ ላይ ማዋል ነው።

ገበያ ላይ ያሉት መሳዮች ሁለት ዓይነት መሆናቸውን መጀመሪያ እንለይ። አንደኛው በራሱ ስም የሚሸጥ፣ ቅርጹን ወይም አሠራሩን ከታዋቂው የወሰደ ነው፤ የቢህሪንገር ኤክስ ኤም 8500 የሹር ኤስ ኤም 58ን መልክ እንደያዘው ማለት ነው። ሁለተኛው የሌላውን ስም በላዩ ላይ ጽፎ የሚመጣው ፎርጅድ ነው። የመጀመሪያው ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው ማታለል ነው። ከታች የማወዳድረው በዋናነት የመጀመሪያውን ነው፤ ወደ ፎርጅዱ ኋላ እመለሳለሁ።

የስቱዲዮው ኮንደንሰር፦ ኖይማንና ተከታዮቹ

ኮንደንሰር ረቂቅ ድምፅ የሚይዝ፣ ለመሥራትም የኤሌክትሪክ ኃይል የሚፈልግ የማይክ ዓይነት ነው። ስለ ውድ ማይክ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ኖይማን ዩ 87 ነው። ኩባንያው በ1928 እ.ኤ.አ. በርሊን ተመሠረተ፣ ከ1991 ጀምሮ የሴንሃይዘር ንብረት ነው፤ ዩ 87 ገበያ ላይ የወጣው በ1967 ነበር። ዛሬ ዩ 87 ኤአይ የተባለው ሞዴል ውጭ አገር ከ3,000 ዶላር በላይ ይሸጣል። መልኩን የሚመስሉ ማይኮች ደግሞ ከመቶ ዶላር በታች ሞልተዋል።

ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ? ብዙ ሰው «ጥራት» ብሎ ያልፈዋል፤ ነገሩ ግን በዝርዝር ሊነገር የሚችል ነው። የዩ 87 ካፕሱል፣ ማለትም ድምፁን የሚቀበለው የማይኩ ልብ፣ በተፈጥሮው ከፍተኛውን (ቀጭኑን) የድምፅ ክፍል ያጎላል። ኖይማን ይህን ስለሚያውቅ ከካፕሱሉ ቀጥሎ ያለው ሰርኪውት ያንን ጉላት መልሶ እንዲያለዝብ አድርጎ ሠራው። ሁለቱ ተደምረው ነው ያንን የምናውቀውን ድምፅ የሚሰጡት። ከርካሽ መሳዮቹ ብዙዎቹ የካፕሱሉን ንድፍ ወስደው ሰርኪውቱን ተዉት። ካፕሱሉ ያጎላል፣ የሚያለዝበው የለም። ውጤቱ ሱቅ ውስጥ ሲሞከር «ጥርት ያለ» የሚመስል፣ ቤት ገብቶ ግማሽ ሰዓት ሲደመጥ ጆሮ የሚበላ ድምፅ ነው።

በአማርኛ ይህ ጉዳይ በጣም ያሳስባል። ሰ፣ ሸ፣ ዘ፣ ጸ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይመላለሳሉ፤ የእነዚህ ድምፆች ጉልበት ከፍተኛው ክፍል ላይ ነው ያለው፣ ያ ማይክ የሚያጎላው በዚያው አካባቢ ነው። ጠ፣ ቀ እና ጨ ደግሞ አጭርና ስለታም ሆነው ይወጣሉ። በማሲንቆና በበገናም እንዲሁ ነው። የበገና ጅማት ሲነዝር የሚወጣው ድምፅ ውበቱ ነው፤ በጎላ ማይክ ሲቀረጽ ግን ንዝረቱ ወደፊት ይመጣና የመሣሪያው ሆድ ድምፅ ይርቃል። ይህንን በኢኪው (የድምፅን ቀጭንና ወፍራም ክፍል በሚያስተካክለው መሣሪያ) ማለዘብ ይቻላል፣ ለሙዚቃ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሁለት ሰዓት ትረካ ውስጥ እያንዳንዱን «ስ» ማለስለስ ግን አድካሚ ሥራ ነው።

ዋጋ ሁሉን ነገር እንደማይናገር የሚያሳይ አንድ ቁጥር ደግሞ አለ። ማንኛውም ኮንደንሰር ራሱ ሽሽ የሚል ትንሽ ድምፅ (ሽሽታ) ያወጣል፣ ይህም በዲሲቤል ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ማይኩ ጸጥተኛ ነው። ዩ 87 ኤአይ 12 ዲሲቤል ነው። ዋጋው የእሱን አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላው የአውስትራሊያው ሮድ ኤንቲ1-ኤ 5 ዲሲቤል ነው። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 ደግሞ 20 ዲሲቤል ነው። በጸጥታ ብቻ ከለካን ርካሹ ሮድ ውዱን ኖይማን ይበልጣል። ሰው ለኖይማን የሚከፍለው ለድምፁ ባሕርይ፣ በየአቅጣጫው ለሚስተካከለው የመቀበያ ስልት፣ ዛሬ የተገዛው ከአሥር ዓመት በፊት ከተገዛው ጋር ለመመሳሰሉና ሲበላሽ ለሚጠግነው ድርጅት ነው። እነዚህ ሁሉ ዋጋ አላቸው፤ ነገር ግን ለማን?

በጣም ርካሹን ጫፍ ደግሞ ሳናየው አንለፍ። ቢኤም 800 በሚል ስም ከስታንድና ከስፖንጅ ጋር በካርቶን የሚሸጠው ማይክ አካሉ ትልቅ ስቱዲዮ ማይክ ይመስላል። ሲፈታ ግን ውስጡ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዚያ ሁሉ ሽቦ ወንፊት በስተጀርባ የተቀመጠች ትንሽ ኤሌክትሬት ካፕሱል ናት። አብሮት የሚመጣው ገመድ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ነው፤ በዚያ ሲሰካ ማይኩ የሚፈልገውን 48 ቮልት ፋንተም (በማይክ ገመድ በኩል የሚላክ ኃይል) አያገኝም፣ ድምፁም ቀጭንና በሽሽታ የተሞላ ይሆናል። ሳውንድ ካርድ ላይ በትክክለኛው ባለሦስት እግር የማይክ ገመድ ሲሰካ በጣም ይሻላል። ለተማሪ፣ ለልምምድ፣ ለስብሰባ ይበቃል። ለሚሸጥ ሥራ አልመክረውም።

ዳይናሚኩ፦ ልዩነቱ የሚጠብበት ቦታ

ዳይናሚክ በማግኔትና በሽቦ ጥቅል የሚሠራ፣ ኃይል የማይፈልግ የማይክ ዓይነት ነው፤ እዚህ ጋ ነገሩ ይቀየራል። ሹር ኤስ ኤም 58 በ1966 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ዛሬም ውጭ አገር በመቶ ዶላር አካባቢ ይሸጣል። ኤክስ ኤም 8500 የዚያ ሩብ ገደማ ነው። ሁለቱን አንድ ሰው ከአንድ ርቀት ላይ አንድ ጽሑፍ ቢያነብባቸውና ድምፃቸው እኩል ቢደረግ፣ ብዙ አድማጭ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል። ልዩነቱ የሚመጣው በአያያዝና በዕድሜ ነው። የኤስ ኤም 58 ካርትሪጅ (ድምፅ መቀበያው) በአየር ትራስ ላይ ስለተቀመጠ የእጅ መነካካት እምብዛም አይሰማበትም፤ ቢወድቅም ይችላል፤ አር 59 የሚባል መለዋወጫ ካርትሪጅ አለው። በስታንድ ላይ ሆኖ ቤት ውስጥ ለሚቀርጽ ሰው ግን ይህ ጥቅም ግማሹ አይነካውም። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየሠርጉ ይዞ ለሚዞር ሰው እውነተኛውን ኤስ ኤም 58 ያለ ማመንታት እመክራለሁ።

ስለ ሹር ኤስ ኤም 7ቢ በተለይ ማሳሰብ እፈልጋለሁ፤ ወጣቶች በየቪዲዮው እያዩት ለእሱ ብር ያጠራቅማሉ። ወደ 400 ዶላር የሚሸጥ ምርጥ ማይክ ነው። የሚያወጣው ምልክት ግን በጣም ደካማ ነው፤ ለንግግር ወደ 60 ዲሲቤል ጌን (ማጉላት) ይፈልጋል። ርካሽ ሳውንድ ካርድ እስከዚያ ሲገፋ ራሱ ሽሽታ ይጨምራል። ስለዚህ ያንን ያህል ብር ከፍሎ በደካማ ካርድ ላይ የሰካው ሰው፣ በመቶ ዶላር ኮንደንሰር ከቀረጸው ጎረቤቱ የባሰ ሽሽታ ሊያገኝ ይችላል። ኩባንያው ራሱ በ2023 እ.ኤ.አ. ማጉያ የተገጠመለትን ኤስ ኤም 7ዲቢ ያወጣው ለዚህ ነው። የማይኩን ዋጋ ስታሰሉ የካርዱን ወይም የማጉያውን ዋጋ ደምሩበት።

«ዳይናሚክ የውጭ ድምፅ አይወስድም» የሚባለውም መስተካከል አለበት። የሚረዳን ስለምንጠጋው ነው። ከ20 ሳንቲ ሜትር ወደ 10 ስትጠጉ ድምፃችሁ በ6 ዲሲቤል ገደማ ይጨምራል፣ የክፍሉ ድምፅ ግን ባለበት ይቆያል። በኮንደንሰርም ቢሆን ፖፕ ፊልተር (የትንፋሽ መከላከያ ወንፊት) አድርጎ መጠጋት ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል።

ክፍሉ፣ ጣሪያው፣ መብራቱ

ሌሊት ጸጥ ያለ መኖሪያ ክፍል እንኳ 30 ዲሲቤል ገደማ ድምፅ አለው። ያ ከኖይማኑ 12ም ከኦዲዮ ቴክኒካው 20ም በላይ ነው፤ ስለዚህ ቀን ቀን ጎረቤት ግራይንደር እየጮኸ፣ ሲኖትራክ እያለፈ የሁለቱን ልዩነት መስማት አይቻልም። ባዶ ግድግዳና ባዶ ወለል ያለው ክፍል ደግሞ የ3,000 ዶላሩንም የ30 ዶላሩንም ማይክ የመታጠቢያ ቤት ድምፅ ያሰጣቸዋል።

የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ተዉ። ድምፅ አያግድም፣ የሚውጠውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ እሳት ደግሞ በቀላሉ ይይዘዋል። ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ከአንባቢው ጀርባና ጎን ስቀሉ። ብዙዎች ስፖንጁን ከማይኩ ጀርባ ይለጥፋሉ፤ ማይኩ ግን የሚያየው አንባቢውንና ከአንባቢው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ክረምት ሲወርድበት ምንም ማይክ አያድናችሁም። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ጠዋትን ለቀረጻ ያዙ።

መብራቱም የራሱ ድምፅ አለው። ግራውንድ በሌለው ሶኬት ላይ ላፕቶፕ ቻርጅ እያደረጉ መቅረጽ የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ያመጣል፤ ብዙ ሰው ይህን የማይኩ ጥፋት ያደርገዋል። ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ። ባለሦስት እግር የማይክ ገመዱም በሁለቱ ሽቦዎች የገባውን ጣልቃ ድምፅ እርስ በርሱ ስለሚያጠፋው፣ ደህና ገመድ መግዛት ከማይክ መቀየር ይቀድማል።

ፎርጅዱ

ኤስ ኤም 58 በዓለም ላይ በብዛት ፎርጅድ ከሚሠራባቸው ማይኮች አንዱ ነው። «ኦርጅናል ነው ወንድሜ፣ ከዱባይ ነው የመጣው» ማስረጃ አይደለም። እውነተኛው 298 ግራም ይመዝናል፤ ክብደቱ መግጠሙ እውነተኛ መሆኑን አያረጋግጥም፣ በብዙ መጉደሉ ግን ሐሰተኛነቱን ይነግራችኋል። መቶ ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በ20 ዶላር ምንዛሪ «አዲስ» ተብሎ ከቀረበላችሁ ተዉት። እዚህ ላይ አቋሜ ጥብቅ ነው፤ በ20 ዶላር በራሱ ስም የሚሸጠውን ግዙ። ሠሪው ስሙን የደበቀ ዕቃ ቀጣዩ ፍሬ ከምን እንደሚሠራ ማንም አያውቅም፣ መልሶ ለመሸጥ ስትሞክሩም ማታለሉን ለሌላ ሰው ታሻግራላችሁ።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ?

ገና ለሚጀምርና ክፍሉ ላልተስተካከለለት ሰው፦ በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ዳይናሚክ፣ ደህና ገመድ፣ ብርድ ልብስ። ትረካና መዝሙር እየቀረጸ ገቢ ለጀመረ ሰው፦ ሮድ ኤንቲ1-ኤ ወይም ኤቲ2020፤ ለእኔ የገንዘቡን ያህል የሚሰጠው ይህ መካከለኛ ደረጃ ነው፣ ስም ያለውም ሆኖ ቤት አያስሸጥም። ኖይማን የሚገባው በሩ ድርብ ለሆነ፣ ግድግዳው ለተሠራ፣ ደንበኛውም ማይኩን በስሙ ጠርቶ ለሚከራይ ስቱዲዮ ነው። ብር ለጊዜው ካጠረና አንድ አልበም ብቻ ከሆነ የሚቀረጸው፣ እንደዚያ ያለ ስቱዲዮ ገብቶ በሰዓት መክፈል ከመግዛት ይረክሳል።

ስትገዙ የራሳችሁን ላፕቶፕ፣ ካርድና ሄድፎን ይዛችሁ ሂዱ። በሁለቱ ማይኮች «ጴጥሮስ ጸጥ ባለው ጓሮ ጭስ ሸተተው» የመሰለ ዓረፍተ ነገር አንብቡ፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ አሥር ሰኮንድ ቅረጹ። ከማድመጣችሁ በፊት የሁለቱን ቅጂ ከፍታ እኩል አድርጉ፤ ትንሽ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ያገለገለ ኮንደንሰር ከሆነ ወንፊቱን በባትሪ ብርሃን እዩት፣ ከረጢት ሳይኖረው በኮረኮንችና በሲሚንቶ አቧራ ውስጥ የኖረ ማይክ ካፕሱሉ ላይ አቧራ ይዞ ሊሆን ይችላል። በሄድፎን እየሰማችሁ አንድ አምስት ደቂቃ ፋንተም ላይ አቆዩት፤ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ካሰማ አትክፈሉ።