የታዳጊዎች አትሌቲክስ ፕሮጀክት በደብረ ብርሃን፦ የአንዲት እናት ግምገማ

የ11 ዓመት ልጄን በከተማችን ካሉት የታዳጊዎች ፕሮጀክቶች በአንዱ ካስመዘገብኩ ከመስከረም ጀምሮ ስድስት ወር ሆኖኛል። ልጆቻቸውን ለማስገባት ለሚያስቡ ወላጆች ልነግራቸው የምፈልገው ስለ ሩጫው ሳይሆን ስለ ልጆቹ አያያዝ ነው። ክፍያው አይከብድም፤ ትጥቁን ወላጅ ይገዛል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። አሰልጣኞቹ ፀሐይ ሞቅ ሳይል ልጆቹን አያስሮጡም፤ ማሟሟቂያውንም ከነቱታቸው ያሠሯቸዋል። ልጄን ቁርጭምጭሚቷን ወለም ባላት ቀን ወዲያው አስቀምጠው ደወሉልኝ፤ እስክትድን ድረስም እየመጣች እንድታይ እንጂ እንድትሮጥ አልፈቀዱላትም። የልጅ አጥንት ገና በማደግ ላይ ስለሆነ፣ «ቻይው» እየተባለች ብትሮጥ ኖሮ ጉዳቱ ሊብስባት ይችል ነበር። የሸዋው ተወላጅ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበርና፣ የ11 ዓመት ልጅን የሚያጣድፍ ምንም ምክንያት የለም።

ከሁሉ በላይ ያረካኝ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን እንዳይሆን መጠንቀቃቸው ነው። እግር ማሸት ሲያስፈልግ እዚያው ሜዳው ላይ ሰው እያየ ይከናወናል፣ ሴቶቹንም የምታሸው ሴት አሰልጣኝ ናት። ለውድድር ሲጓዙ ሁለት አሰልጣኞችና ከወላጆች አንድ ሰው አብረው ይሄዳሉ፤ ማንኛውም መልእክትም የሚደርሰው በወላጅ ስልክ ነው።

ጉድለቱ ያለው አቤቱታ ላይ ነው። አንድ ረዳት አሰልጣኝ አርፍዶ የመጣን ልጅ በኩርኩም ሲመታ በዓይኔ አይቻለሁ። አጠገቤ የነበሩ ወላጆች «ይቅጣው እንጂ!» ቢሉም እኔ አልስማማም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም እንኳ ልጅን አካሉን ከሚነካ ቅጣት ይጠብቀዋል። ኩርኩምን ዝም ብሎ መቀበል የለመደ ልጅ የባሰ ነገር ቢደርስበትም አይናገርም ብዬ እሰጋለሁ። ለማን ላመልክት ብዬ ስጠይቅ ወደ ዋናው አሰልጣኝ መሩኝ። እርሳቸው በአክብሮት አዳመጡኝ፣ ረዳታቸውም ልጁን ይቅርታ ጠየቀ፤ ነገር ግን ጥፋቱ የራሳቸው የዋናው አሰልጣኝ ቢሆን ልጅ የሚሄድበት ሌላ ሰው የለም።

ስለዚህ ልጄን አላስወጣትም። ከወላጆች መካከል አቤቱታ የምትቀበል አንዲት ሴት እንድትመረጥ ጠይቄያለሁ፤ እስክትመረጥ ድረስ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ሜዳው ዳር እቆማለሁ።